ልጄን ከሾርትስቶፕ ወደ ሁለተኛ ቤዝ አዛወሩት፤ ተስፋው ቀነሰ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለሃይስኩሉ የቤዝቦል ቡድን ሾርትስቶፕ (ሯጩ ከሚረግጣቸው ማረፊያዎች፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ቤዝ፣ መካከል የሚቆም ተከላካይ) ሆኖ ይጫወታል። አሠልጣኙ «በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ቤዝ ነህ» ካለው ወዲህ ፊቱ ጠቁሮ ሰንብቷል። እሱ ፕሮፌሽናል እሆናለሁ ይላል፤ አባቱ ደግሞ እኛ የምናውቀው ትምህርት ነው ይላል። የዚህ ጨዋታ ሕይወት በእርግጥ ምን ይመስላል? ገንዘቡስ? ከሃይስኩል ቀጥታ መፈረም ይሻላል ወይስ ኮሌጅ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ልጁን ካስከፋው ነገር ልጀምር፤ ሌላው ከዚያ ይከተላል። ከሾርትስቶፕ ወደ ሁለተኛ ቤዝ መዛወር መውረድ አይደለም። በኢንፊልድ፣ ማለት በቤዞቹ ዙሪያ ባለው የውስጥ ሜዳ፣ ረጅም ዓመት የሚቆይ ተጫዋች ሥራው ራሱ መዛወር ነው። ዛሬ በሜጀር ሊግ (በከፍተኛው የፕሮፌሽናል ሊግ) ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ ከሚጠብቁት ብዙዎቹ በሃይስኩል ሾርትስቶፕ ነበሩ። በየትምህርት ቤቱ እግሩ ፈጣን፣ እጁ ቀልጣፋ፣ ክንዱ ጠንካራ የሆነው ልጅ እዚያ ስለሚሰለፍ ነው። ፕሮፌሽናል ክለብ ግን በአንድ ዓመት ሦስት አራት ሾርትስቶፕ ሊያስፈርም ይችላል፤ ሜዳ የሚገባው ደግሞ አንድ ነው። የቀሩት ወይ ሌላ ቦታ ይለምዳሉ ወይ ይሰናበታሉ። ልጅዎ ይህን በ16 ዓመቱ ከጀመረው፣ ሌሎች በ22 ዓመታቸው ተደናግጠው የሚገቡበትን ትምህርት ቀደመ ማለት ነው።

የቦታዎቹ ልዩነት የሚገባው ሰዓት ሲያዝ ነው። በቤዝና በቤዝ መካከል 90 ጫማ፣ ማለት 27.4 ሜትር አለ። በቀኝ እጁ የሚመታ የሜጀር ሊግ ተጫዋች ኳሷን መትቶ አንደኛ ቤዝ ለመድረስ በአማካይ 4.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ፈጣኑ በ4 ሰከንድ ይደርሳል። ሾርትስቶፑ በዚህች ጊዜ ኳሷ ጋ ይደርሳል፣ ያነሳታል፣ ከጓንት ወደ እጁ ያወጣታል፣ ይወረውራል። ወደ ሦስተኛ ቤዝ በኩል ጠልቆ ካነሳት ውርወራው ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። ለዚህ ነው መልማዮች ከሁሉ በፊት ክንድ የሚለኩት። የሁለተኛ ቤዝ ውርወራ በጣም ያጥራል፤ ነገር ግን ደብል ፕሌይ ላይ (በአንድ ምት ሁለት ተጫዋች ሲወጣ) ኳሷን የሚቀበለው ሯጩ ከጀርባው ወይም ከጎኑ እየመጣበት ነው። ያኔ ከክንድ ይልቅ እግርና ድፍረት ያስፈልጋል። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሩጫው ትንሽ፣ ኳሷ ግን ፈጣን ናት፤ እዚያ ቅጽበታዊ ምላሽና ጠንካራ ክንድ ይፈለጋል። አንደኛ ቤዝ የራሱ ዓለም ነው። ልጅዎ በግራ እጁ የሚወረውር ከሆነ ግን አሁኑኑ ይንገሩት፦ ግራኝ በፕሮፌሽናል ደረጃ ከአንደኛ ቤዝ በቀር ኢንፊልድ ላይ አይሰለፍም። ከሌሎቹ ሦስት ቦታዎች ወደ አንደኛ ቤዝ ለመወርወር ሰውነቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር ስላለበት፣ የሚባክነው ሽርፍራፊ ሰከንድ ሯጩን ያስገባዋል።

ሁለተኛ ቤዝ በቅርብ ዓመታት ዋጋው ጨምሯል። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በ2015 የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ላይ ቸስ አትሊ ተንሸራቶ ሲገባ የሩበን ቴሃዳ እግር ተሰበረ፤ በ2016 ሯጩ ሆን ብሎ ተከላካዩን እንዳይመታ የሚከለክል ደንብ ወጣ። በ2023 ደግሞ በሁለተኛ ቤዝ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ተጫዋች እንዲቆም፣ አራቱም እግራቸው ከአፈሩ እንዳይወጣ ታዘዘ። ከዚያ በፊት እግሩ የከበደ ሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ወደ ሣሩ አፈግፍጎ ይደበቅ ነበር። አሁን መደበቂያ የለም፤ እንደ ሾርትስቶፕ የሚንቀሳቀስ ሰው ይፈለጋል። ልጅዎን ወደዚያ ያዛወረው አሠልጣኝ ይህን አይቶ ሊሆን ይችላል። ይጠይቁት፦ ምክንያቱ የክንዱ አቅም ነው፣ የእግሩ ፍጥነት ነው፣ ወይስ ከሱ የተሻለ ልጅ መጥቶ? እያንዳንዱ መልስ ሌላ ሥራ ያዛል።

አሁን አንድ እውነተኛ ሕይወት ልዘርዝር፤ ለጥያቄዎ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ማርከስ ሲሚየን በ2008 ከካሊፎርኒያ ሃይስኩል ሲጨርስ፣ ክለቦች በየተራ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ድራፍት፣ ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ34ኛው ዙር መረጠው። አልፈረመም፤ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ያው ክለብ በ6ኛው ዙር መረጠውና ፈረመ። ሜጀር ሊግ የደረሰው በ2013 ነው። በ2014 መጨረሻ ወደ ኦክላንድ ተሸጋገረ፤ በ2015 ሾርትስቶፕ ላይ 35 ስህተት ተመዘገበበት፣ ከሜጀር ሊግ ተጫዋቾች ሁሉ የበለጠ። ጋዜጣውም ተመልካቹም ይህ ልጅ ሾርትስቶፕ አይደለም አለ። በዚያው ዓመት ሮን ዋሽንግተን የሚባል የቀድሞ ኢንፊልደር በአሠልጣኝነት መጣና ከጨዋታ በፊት በየቀኑ ከመሠረቱ ያሠራው ጀመር። በ2019 በ162 ጨዋታ የተመዘገበበት ስህተት 12 ነበር፤ በሊጉ የምርጥ ተጫዋች ድምፅም ሦስተኛ ወጣ። በ2021 ቶሮንቶ በአንድ ዓመት ውል ወስዶ ወደ ሁለተኛ ቤዝ አዛወረው። ሰውየው አላኮረፈም፦ 45 ሆም ረን (ከሜዳው አጥር በላይ ያለፈ ምት) መታ፣ ይህም ለሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ክብረ ወሰን ነው፤ በመከላከል ጎልድ ግላቭ የተባለውን ሽልማት ወሰደ። ዓመቱ ሲያልቅ ቴክሳስ በ7 ዓመት 175 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በ2023 ዋንጫ አነሳ።

እዚህ ላይ ዕድሜውን ይቁጠሩ። በ17 ዓመቱ የተመረጠው ማንም በማያስታውሰው ዙር ነው፤ ትልቁን ውል የፈረመው በ31 ዓመቱ ነው። መሀል ላይ 13 ዓመት ተኩል ገደማ አለ። ያንን ውል ያገኘውም ልጅዎ በተከፋበት በዚያው ቦታ ላይ ተጫውቶ ነው።

ዋሽንግተን ያሠራው ነገር ምሥጢር የለውም፤ ጓሮ ውስጥም ይሠራል። ልጁ በሁለት ጉልበቱ ይንበረከክ፤ ሌላ ሰው ከፊቱ 3 ወይም 4 ሜትር ርቆ ኳስ ይወርውርለት፣ ከጓንቱ ጥቂት ቀደም ብላ እንድትነጥር አድርጎ። ጓንቱ 9 ወይም 9.5 ኢንች የሆነ ትንሽ የማሠልጠኛ ጓንት ይሁን፤ ለጨዋታ የሚይዘው 11.5 ገደማ ነው። በትንሹ ጓንት ኳሷ መዳፉ ላይ ካላረፈች ወዲያው ትወድቃለች፣ ስለዚህ እጁ አይዋሽም። መንበርከኩ ደግሞ እግሩን ከሥራ ያወጣውና እጁ ብቻውን እንዲማር ያስገድደዋል። ጓንቱ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ ይምጣ እንጂ ከላይ ወደ ታች አይውረድ። ኳሷ ገና ከመሬት ስትነሳ ጓንቱ ወደ እሷ ለስለስ ብሎ ይግፋ። ወደ ኋላ የሚሸሽ እጅ ኳሷን ነጥራ መሀል ላይ ያገኛታል፤ ያ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ብዙው ስህተት እዚያ ይወለዳል። ኳስ የምትያዘው ወይ ገና መሬት ነክታ ስትነሳ ነው፣ ወይ ነጥራ ጫፍ ላይ ስትደርስ። ፊት ለፊት 10፣ በጓንቱ በኩል 10፣ በተቃራኒው በኩል እጁን አጥፎ 10፤ ሁለት ዙር። ከዚያ ተነሥቶ ያንኑ በእግሩ። በጠቅላላው 15 ደቂቃ ነው፤ በየቀኑ ከሆነ ግን ለውጡ በአንድ የጨዋታ ወቅት ይታያል።

እግርን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። ፒቸሩ (ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው) ሲወረውር ልጁ ትንሽ ዝላይ ይዝለልና ኳሷ መቺው ጋ ስትደርስ ሁለት እግሩ መሬት ይንካ። ቀድሞ ካረፈ ተረከዙ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ ከዘገየ ኳሷ ስትመታ እሱ አየር ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ቀኝ ግራ ብሎ ያንሳ፣ ቀኝ ግራ ብሎ ይወርውር። መጥፎ ውርወራ ሲያዩ ክንዱን አይውቀሱ። አብዛኛውን ጊዜ ኳሷን ካነሳ በኋላ እግሩ ስለቆመና ክንዱ ብቻውን ስለሠራ ነው። በተለይ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ውርወራው አጭር ስለሆነ ልጆች ጊዜ ያለ መስሏቸው ይቆማሉ፤ ማሰብ ይጀምራሉ፤ ኳሷ ከእጃቸው እንዴት እንደምትወጣ ይጠፋባቸዋል። ቸክ ኖብላውክ በ1997 በሁለተኛ ቤዝ ጎልድ ግላቭ የወሰደ ሰው ነበር። በ1999 እና በ2000 ለኒው ዮርክ ያንኪስ ሲጫወት ያቺን አጭር ውርወራ መወርወር አቃተው፣ በ2001 ወደ ሌፍት ፊልድ (ወደ ውጪኛው ሜዳ ግራ ክፍል) ተዛወረ። ስለዚህ ልጅዎ ሦስት መጥፎ ውርወራ ወርውሮ ሲመጣ፣ እባክዎ፣ በመኪና ውስጥ ስለ ውርወራው አይጠይቁት። በማግስቱ እግሩን እያንቀሳቀሰ 30 አጭር ውርወራ ይወርውር፤ ይበቃል።

ሜሪላንድ ስላሉ ተቃራኒውንም መንገድ የሄደውን የአገሩን ሰው ልጥቀስ። የአበርዲኑ ካል ሪፕከን ጁኒየር በ1978 በሁለተኛው ዙር በባልቲሞር ኦሪዮልስ ተመርጦ ከሃይስኩል ቀጥታ ፈረመ። በ1981 ሜጀር ሊግ ሲደርስ 39 ጊዜ ለመምታት ቀርቦ በ5ቱ ብቻ ተሳካለት። በ1982 ሦስተኛ ቤዝ ላይ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ 1 አሠልጣኙ ኧርል ዊቨር ወደ ሾርትስቶፕ አዛወረው። ቁመቱ 1.93 ሜትር ስለነበር ለቦታው ረዝሟል የሚሉ ብዙ ነበሩ። በ1990 በዓመቱ ሙሉ 3 ስህተት ብቻ ተመዘገበበት። በእግሩ ፈጣን አልነበረም፤ መቺዎቹን ስለሚያውቅ ኳሷ ከመመታቷ በፊት የሚቆምበትን ይመርጥ ነበር። በ1997 ወደ ሦስተኛ ቤዝ ተመለሰ፣ በ2001 እዚያው ጨረሰ። ሳያቋርጥ የተጫወታቸው 2,632 ጨዋታዎች በሁለቱ ቦታዎች ላይ የተጫወታቸው ናቸው።

እንግዲህ ገንዘቡ። ድራፍቱ በጁላይ ነው፤ ዛሬ 20 ዙር ብቻ አለው። ሲሚየን የተመረጠበት 34ኛ ዙር ከነጭራሹ የለም፤ ስለዚህ በሩ ከ2008 ጠብቧል። የአሜሪካ ዜግነት አይጠየቅም፤ እዚህ ኖሮ እዚህ የተማረ ልጅ በድራፍቱ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ከተፈረመ በኋላ ያለው መሰላል ረጅም ነው፦ ኮምፕሌክስ ሊግ፣ ሎው ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ፣ ከዚያ ሜጀር ሊግ። በ2023 በተፈረመው የማይነር ሊግ (ከሜጀር ሊግ በታች ያሉት ደረጃዎች) ተጫዋቾች የመጀመሪያ የኅብረት ስምምነት ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ በኮምፕሌክስ 19,800፣ በሎው ኤ 26,200፣ በሃይ ኤ 27,300፣ በደብል ኤ 30,250፣ በትሪፕል ኤ 35,800 ዶላር ሆኖ ተጀመረ። መኖሪያ ክለቡ ይሰጣል። ይህ በዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሰው ብቻውን የማይኖርበት ገንዘብ ነው።

ሜጀር ሊግ ላይ ዝቅተኛው በ2025 ዓመት 760,000 ዶላር ነበር። ሰዎች ይህን ሰምተው ይሳሳታሉ፤ ክፍያው የሚታሰበው በቀን ነውና። ተጫዋቹ 26 ሰው በሚይዘው ቡድን ውስጥ ለቆየበት ቀን ይከፈለዋል፤ ክለቡም በሦስት የተለያዩ ዓመታት ያለ እሱ ፈቃድ ወደ ታች ሊመልሰው ይችላል። አንድ የአገልግሎት ዓመት የሚባለው 172 ቀን ነው። ሦስት ዓመት ገደማ እስኪሞላው ክፍያውን ክለቡ ነው የሚወስነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት በግልግል ይከራከራል፤ ስድስት ሲሞላው ነፃ ወጥቶ ለፈለገው ይሸጣል። በ22 ዓመቱ የደረሰ በ28 ይፈታል፤ በ26 የደረሰ ግን በ32 ነው የሚፈታው፣ ያኔ ደግሞ የኢንፊልደር እግር መክበድ ጀምሯል። ትልቅ ውል ጥቂቶች ብቻ ጋ የሚደርሰው በዚህ ስሌት ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንመለስ፤ መፈረም ወይስ ኮሌጅ? በቁጥር ያስቡት። ከ11ኛ እስከ 20ኛ ዙር ላለ ተጫዋች ክለቦች እንደ ጣሪያ የሚያዩት የፊርማ ጉርሻ 150,000 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ የፌዴራልና የሜሪላንድ ታክስ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮና የወኪል ድርሻ ሲነሳ ከ100,000 በታች ይቀራል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለክልሉ ነዋሪ ከምግብና ከመኝታ ጋር በዓመት ወደ 30,000 ዶላር ይፈጃል፤ የተረፈው ገንዘብ አራት ዓመት አይሸፍንም። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች በታች ለሆነ የሃይስኩል ኢንፊልደር፣ ጥሩ የኮሌጅ ቦታ ካለው፣ ኮሌጅ ይሻላል ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። አባቱ ልክ ነው፤ ልጁም አልተሳሳተም፤ ኮሌጅ ራሱ የፕሮፌሽናሉ መንገድ ነው።

የአራት ዓመት ኮሌጅ የገባ ተጫዋች ሦስተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው ድራፍት አይገባም፤ የሁለት ዓመት ኮሌጅ የገባ ግን በየዓመቱ ይገባል። የመደራደሪያው ጊዜ ሦስተኛው ዓመት ነው፦ «ካልተስማማን እመለሳለሁ» ማለት ይችላል። አራተኛውን ጨርሶ የሚፈርም ተጫዋች መመለሻ ስለሌለው ብዙ ጊዜ በጥቂት ሺህ ዶላር ይፈርማል። ከሃይስኩል ከፈረመም የኮሌጅ ክፍያው በውሉ ላይ በዶላር ተጽፎ ይግባ። ጨዋታውን ባቆመ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ካልጀመረ መብቱ ይቃጠላል፤ ብዙ ልጆች ያጡት በዚህ ነው።

አሁን ስለ ባት፣ ማለት ስለ መምቻው ዱላ። በመከላከል ብቻ ሜጀር ሊግ የሚቆይ ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ኢንፊልደር የሚያስቆመው ምቱ ነው፣ በተለይ ደብል ኤ ላይ። እዚያ ፒቸሮቹ በቀርፋፋና በምትታጠፍ ኳስ በፈለጉበት ሰዓት ስትራይክ (መቺው ሊመታት የሚገባ ትክክለኛ ውርወራ) ይጥላሉ፤ ፈጣን ኳስ ብቻ እየጠበቀ ያደገ ልጅ ይወድቃል። ሃይስኩልና ኮሌጅ ላይ ባቱ አሉሚኒየም ወይም ቅይጥ ነው፤ ፕሮፌሽናል ላይ እንጨት። የእንጨቱ ባት ጥሩ መምቻ ቦታው ጠባብ ነው፣ እጀታው አጠገብ የተመታ ኳስ ይሞታል፣ ባቱም ይሰበራል። ልጅዎ በሳምንት ሁለት ቀን በእንጨት ይለማመድ። በጁንና በጁላይ ደግሞ ቤተስዳ ወስደው የቢግ ትሬንን ጨዋታ ያሳዩት፤ በካል ሪፕከን የኮሌጅ ሊግ ውስጥ ያለ የበጋ ቡድን ነው፣ የኮሌጅ ልጆች በእንጨት ባት ይጫወታሉ። ኳሷን አይከተል፤ ለሦስት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ሁለተኛ ቤዝ ያለውን ልጅ እግር ብቻ ያጥና።

ጉዳት ባጭሩ፦ የባቱ እጀታ ጫፍ የሚያርፍበት መዳፍ ውስጥ ያለች፣ በእንግሊዝኛ hamate የምትባል ትንሽ አጥንት ትሰበራለች፤ በጭንቅላት ቀድሞ ሲንሸራተት አውራ ጣት ይታጠፋል። በታችኛው መዳፍ ላይ የሚሰማ፣ ባት ሲጨብጥ የሚብስ ሕመም ካለ «ያልፋል» አይባልም፤ ለሐኪም ይታይ።

በዚህ ዓመት ውስጥ መደረግ ያለበት ይህ ነው። ልጁ ለአሠልጣኙ «ሁለተኛ ቤዝ እጫወታለሁ፣ በልምምድ ላይ ግን ሾርትስቶፕና ሦስተኛ ቤዝም ኳስ እንዳነሳ ይፍቀዱልኝ» ይበል። የዲቪዥን አንድ (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) የቤዝቦል አሠልጣኞች ከ11ኛ ክፍል በፊት ካለው ኦገስት 1 ጀምሮ ልጁን ሊያነጋግሩት ይችላሉ። ቪዲዮ ሲልኩ ከ2 ደቂቃ አይለፍ፤ በሦስቱም ቦታ ኳስ ሲያነሳ፣ እግሩ እንዲታይ ከጎንና ከፊት የተቀረጸ፣ በመጨረሻም ምቱ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሾውኬዝ (በመልማዮች ፊት ችሎታ የሚታይበት ዝግጅት) የሚገባው ቁጥሩ ከደረሰ በኋላ ነው፦ 60 ያርድ ሩጫው ከ7 ሰከንድ በታች፣ ከኢንፊልድ የሚወረውረው ኳስ በሰዓት 80 ማይል ያለፈ። ከዚያ በፊት ከሄደ ለመታየት ሳይሆን ደካማ ቁጥር በስሙ ለማስመዝገብ ይከፍላሉ።

የትምህርት ቤቱን አማካሪም በዚህ ወር ያነጋግሩ። ዲቪዥን አንድ ለመጫወት 16 መሠረታዊ የሃይስኩል ኮርሶችና በእነሱ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል፤ ከ16ቱ 10 ኮርሶች 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፣ ከእነዚህም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው። የተመዘገበበትን ዝርዝር አስወጥተው አንድ በአንድ ምልክት ያድርጉበት፤ የጎደለ ካለ የበጋ ትምህርት ምዝገባ ከማለፉ በፊት ያስገቡት።